ከአጎዛ እስከ ፖሊስተር፦ የላስታ ሰው በምን ላይ ተኛ? ምንስ ለብሶ አደረ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ የምንተኛበት ነው፤ ሁለተኛው ዙፋን ነው። «አልጋ ወራሽ» ስንል መንግሥት የሚወርሰውን ልዑል ማለታችን ነው እንጂ የአባቱን መኝታ የሚወርስ ልጅ አይደለም። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በድሮ ጊዜ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጠፍር በተወጠረ እንጨት ላይ የሚተኛ ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው ሕዝብ መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ ነው የተወለደው፣ ያደገው፣ የሞተውም። እኛ የታሪክ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የነገሥታቱን አልጋ በተራ እንቆጥራለን። የሕዝቡን ቁርበት ግን ማንም አይቆጥረውም። ዛሬ እስቲ ስለ ቁርበቱ እናውራ።

ነገሩን አሁን ያነሳሁት ዓለም ስለ መኝታ አንድ ጥያቄ እየጠየቀ ስለሆነ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ ዱቬ የሚባለውን ወፍራም የአልጋ ልብስ ያውቃል። ውድ የሚባለው ዱቬ ውስጡ የተሞላው በዝይና በዳክዬ ላባ ነው። ላባ ሲባል ግን ክንፏ ላይ ያለው ጠንካራው አይደለም፤ ደረቷ ላይ፣ ከውጭኛው ላባ ሥር የሚገኘው ጥጥ የመሰለው ለስላሳ ነገር ነው። ስሙ «ዳውን» ይባላል። ክብደቱ ምንም ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል። የሚያሞቀውም ያ የተያዘው አየር ነው። ታዲያ በእነዚያ አገሮች ሰዎች «ይህ ላባ ከወፏ ላይ እንዴት ተወሰደ? ለእኔ ሙቀት ሲባል ማን ተጎዳ?» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ለራሳችን መኝታ ብንጠይቀው ምን መልስ እናገኛለን?

መጀመሪያ ብርዱን እናስታውስ። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከከተማዋ በላይ የተገተረው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በላይኛው ደጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ያድራል። የገና ለት ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን በአደባባይ ሲያድር ያየ ሰው የላስታን ብርድ አልነግረውም፤ ያውቀዋል። በዚህ አገር መኝታ የምቾት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሕፃን ይነጋለት አይነጋለት የሚወስን ነገር ነበር።

የድሮው ሰው ይህን ብርድ የተዋጋው በሦስት ነገር ነው፦ በቤቱ፣ በቆዳና በጠጉር።

ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ክብ ሆኖ ወፍራም ግድግዳ ያለው። ላሊበላን የጎበኘ ሰው ባለ ሁለት ደርቡን የድንጋይ ጎጆ ሳያይ አይመለስም። በብዙ የደጋ ቤት ውስጥ ከብቱም ከሰው ጋር ያድር ነበር። በአንድ በኩል ጋጣ፣ በሌላ በኩል መደብ፣ ከላይ ቆጥ። ዛሬ ይህን ስንሰማ «ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው!» እንላለን። በእርግጥ ለጤና ጥሩ አይደለም። ግን በሬና በግ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት ትንፋሽ ለዚያ ቤት ማሞቂያው ነበር። ኤሌክትሪክም ነዳጅም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። የበሬው ቆዳ ተፍቆ ቁርበት ይሆናል፤ በደንብ ለፍቶና ለስልሶ ሲሠራ ደግሞ ጀንዲ። የበጉ ቆዳ ጠጉሩ ሳይነሳለት ሲለፋ አጎዛ ነው። አጎዛ የክብር ዕቃ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይነጠፍለታል፤ የኔታ ተቀምጠውበት ዜማ ያስተምራሉ፤ አራስ ሴት ትተኛበታለች። የቆሎ ተማሪው ደግሞ ያንኑ የበግ ቆዳ ደበሎ አድርጎ ቀን ይለብሰዋል፣ ሌሊት ይጠቀለልበታል። ልብሱም ብርድ ልብሱም አንድ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠጉር ነው። ዛሬ «ሱፍ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሙሽራ ሙሉ ልብስ ነው። የእኛ ደጋ ሰው ግን ሱፍን የሚያውቀው ከበጉ ጀርባ ነው። በጉ ይሸለታል፤ ሴቶች ጠጉሩን ያጸዱታል፣ ይበጥሩታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሸምነዋል። ከዚያ ባና ይወጣል። ማቅ የሚባለውም ሻካራ የጠጉር ልብስ ነው። ቃሉ ዛሬ የቀረን «ማቅ ለበሰ» በሚለው የሐዘን አነጋገር ነው እንጂ ዕቃውስ የብዙ ሰው የዕለት ልብስ ነበር። በርኖስ ደግሞ ያው ጠጉር ካባ ሆኖ ትከሻ ላይ ሲወጣ ነው፤ እሱ ግን ለባላባቱና ለባለሥልጣኑ ነበር። መንዝ የሄደ ሰው ዝተቱን ያውቃል። እንግዲህ አንድ ጠጉር ነው፤ እንደ ለባሹ ማዕረግ ስሙ ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኢትዮጵያን የበግ ዝርያዎች ያጠኑ ባለሙያዎች ከለዩዋቸው ዝርያዎች አንዱ «ጥቁር» የሚባል ነው። መገኛው የእኛው የሰሜን ወሎ ደጋ ነው። ላቱ አጭር ነው፤ አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ከውጭኛው ጠጉር ሥር ለስላሳ የውስጥ ጠጉር አለው። አስተዋላችሁ? ዝይዋ ከውጭኛው ላባዋ ሥር ለስላሳ ላባ እንዳላት ሁሉ የእኛም በግ ከጠጉሩ ሥር ሌላ ጠጉር አብቅሏል። ብርዱ አንድ ስለሆነ ፈጣሪ የሰጠው መልስም ይመሳሰላል። እኛ ዳውን የሌለን ሕዝብ አይደለንም ማለት ይቻላል፤ የእኛ ዳውን አራት እግር አለው።

ዝይስ? «ዝይ እዚህ የለም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያላት፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማትገኝ ዝይ አለች። ላባዋ ወፍራም ነው፤ ለደጋ ብርድ የተሠራች ናት። ነገር ግን ዝይና ዳክዬ በክርስቲያኑ ደጋ የሚበሉ ወፎች ስላልሆኑ ማንም አርብቷቸው አያውቅም። ሥጋው ካልተፈለገ ላባውም ገበያ አይወጣም። እዚህ ላይ የሃይማኖት ሥርዓት ለወፏ ከለላ ሆኗታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ለእኛ ሙቀት ማን ተጎዳ?

እንስሳውን በተመለከተ አያቶቻችን ብዙ የሚያሳፍር ነገር የለባቸውም። በግ ለቆዳው ሲባል አይታረድም ነበር። የሚታረደው ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለዓረፋ፣ ለተዝካር፣ ለአራስ ነው። ከዓመቱ ብዙው ቀን ለክርስቲያኑ ጾም ስለሆነ እርዱ ራሱ ልክ ነበረው። ከታረደ በኋላ ደግሞ የሚጣል ነገር የለም። ቆዳው አጎዛ ይሆናል፣ ወይ ደበሎ፣ ወይ ስልቻ፤ ቀጭኑ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ዛሬ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የምንሳለማቸው መጻሕፍት የተጻፉት በበግና በፍየል ቆዳ ላይ ነው። አንድ መንጋ ሕዝቡን አበላ፣ አለበሰ፣ አስተኛ፣ ከዚያም ተርፎ መጽሐፍ ሆነለት። ጠጉሩም ቢሆን በጉን ሳይገድል በየጊዜው የሚገኝ ነው።

ሰውን በተመለከተ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፋፈን አልፈልግም።

ቆዳውን የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብለን ሰደብነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» አልነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» አልናቸው። ከእነሱ ጋር አንጋባም፣ አብረን አንበላም ተባለ። በሰሜን ኢትዮጵያ በእነዚህ ሙያዎች ላይ ተሰማርተው የኖሩት ብዙዎቹ ርስት የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። መሬት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በእጁ ይኖራል። እኛ ደግሞ እጁ የሠራውን ለብሰን፣ እጁ ባለፋው አጎዛ ላይ ተኝተን፣ ጠዋት ስንነሳ እጁን ተጸየፍነው።

ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን እየሰደባችሁ አገሪቱን ያለ ሠራተኛ ልታስቀሯት ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጅ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ለአራሹ አዋጅ ሲመጣ ለእነዚህ ሰዎች ቢያንስ በሕግ የመሬት በር ተከፈተላቸው። የሚገርመው ግን መሬት ያገኘው ሸማኔ ሁሉ ልጁን ሸማኔ ማድረግ አልፈለገም። ማን ይፈርድበታል? ለዘመናት የተሰደበበትን ሙያ ለልጁ ለምን ያወርሰዋል?

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን «አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ በልጅነታቸው በምን ላይ ይተኙ ነበር? ማን ሠራው?» ብዬ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር። ብዙዎቹ ደስ የሚል ነገር ይዘው መጡ። አንዷ አያቷ ስትዳር የያዘችው ባና እስካሁን ቤት ውስጥ እንዳለ ጻፈች። ሌላው አያቱ «የዛሬ ብርድ ልብስ ያምራል እንጂ አያሞቅም» እንዳሉት ጻፈ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ግን «ማን ሠራው?» የሚለውን ባዶ ትቶ መለሰ። ለብቻው ጠራሁት። አያቱ ራሳቸው ቆዳ አልፊ ነበሩ፤ እናቱ «ይሄንን አትጻፈው» ብላዋለች። ይሄ የሆነው ከአዋጁ 1900 ዓ.ም. በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያ ባዶ መስመር ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ይልቅ ብዙ ነገር አስተማረኝ።

እስቲ አሁን የዓለምን ጉዳይ እንይ፤ ንጽጽሩ ይጠቅመናል።

አብዛኛው ዳውን የሚገኘው ለሥጋ ከታረዱ ዝይዎችና ዳክዬዎች ነው። ትልቋ አምራች ቻይና ናት። ችግሩ ያለው አንዳንድ ቦታ ወፏ በሕይወት እያለች ላባዋ ስለሚነጭ ነው። ላባው ተመልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ይነጫል። ሕመሙን አስቡት። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ የስዊድን ቴሌቪዥን በሃንጋሪ የሚደረገውን ይህን ሥራ ሲያሳይ አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሕይወት መንጨትንና ወፎችን በግድ ማብላትን የሚከለክል፣ ከእርሻው እስከ ሱቁ ድረስ ላባውን የሚከታተል ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። በ2016 ለበግ ሱፍም ተመሳሳይ መስፈርት ወጣ። ለሱፍ ለምን አስፈለገ? አውስትራሊያ ውስጥ ሜሪኖ የሚባለው በግ ቆዳው የተሸበሸበ ስለሆነ ዝንብ እንዳይጥልበት ከጭራው አካባቢ ቆዳውን በመቀስ ቆርጦ ማንሳት የተለመደ ነው። አዲሱ መስፈርት ይህን ይከለክላል። የእኛ በግ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶበት አያውቅም።

ጥሩ ምሳሌም አለ። አይስላንድ ውስጥ ኤይደር የምትባል የባሕር ዳክዬ አለች። ጎጆዋን የምትሠራው ከራሷ ደረት በምትነጨው ላባ ነው። የባሕር ዳር ገበሬዎች ጎጆዋን ከቀበሮ ይጠብቁላታል፤ እሷ ደግሞ ላባዋን ትተውላቸዋለች። ወፏ አትታረድም፣ አትነጭም። አንድ ኪሎ ለማግኘት 60 ያህል ጎጆ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት የመኝታ ሙሌቶች አንዱ ነው። ወፏን የሚጠብቅ ሕግ አይስላንድ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ነገሩ የሚሠራው ጠባቂው ስለሚጠቀም ነው። ጥበቃውና ገቢው አንድ ላይ ታስረዋል።

«ይሄ የፈረንጅ ብልሃት ነው» እንዳትሉኝ። የእኛዎቹ የመንዝ ሰዎች ጓሳን እንዴት እንደጠበቁት ታውቃላችሁ? የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጉዝጓዝ የሚሆን ረጅም የደጋ ሣር ነው። ሕዝቡ «ቄሮ» በሚባል የቆየ የአካባቢ ሥርዓት (በቅርቡ በፖለቲካ ከምንሰማው ስም ጋር አይገናኝም) ቦታውን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲደርስ በመሪዎቹ ፈቃድ ይከፈታል፤ ሁሉም በልኩ ያጭዳል፤ እንደገና ይዘጋል። ይህ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገርለታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ በአዲስ መልክ አቋቋመው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። በእኛም በኩል አቡነ ዮሴፍ ላይ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አለ። እንግዲህ አይስላንዱና መንዙ ሳይተዋወቁ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው፦ የጋራ ሀብት የሚቆየው ልክ ሲኖረውና ጠባቂ ሲኖረው ነው።

ታዲያ የእኛ ባናና አጎዛ የት ገባ?

መጀመሪያ ረሃቡ መጣ። በ1966ቱም በ1977ቱም ወሎ ከብቱንና በጉን ጨረሰ፤ የተረፈውንም በርካሽ ሸጠ። በ1977 ኮረም ሜዳ ላይ ሰው የሞተው በረሃብ ብቻ አልነበረም፤ በሌሊቱ ብርድም ነው። ያኔ ከእህሉ ጋር የእርዳታ ብርድ ልብስ መጣ። ነፍስ አድኗል፤ የሰጠውን እግዜር ይስጥልን። ግን በግ ያለቀበት ቤት ባና ከየት ያምጣ? የእናቱን እንዝርት ማን ያንሳ?

ፋብሪካውም ነበረ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ለደጋው የበግ ጠጉር ገበያ ፈጥሮ ነበር። በጉን ለማሻሻልም ተሞክሯል። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ የውጭ በጎች ደብረ ብርሃን ላይ ከእኛዎቹ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው ግን ላት የሌለውን በግ «ይሄ ምን ዓይነት በግ ነው?» ብሎ አልተቀበለውም። እውነቱን ነው፤ ላት የደጋ ሰው ቅቤው ነው፣ በጉም ለክፉ ቀን ስንቁ ነው። በኋላ አዋሲ የሚባለው ላታም በግ ከመካከለኛው ምሥራቅ ሲመጣ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ገበሬውን ሳይጠይቁ የሚያመጡለት ማሻሻያ ቤቱ አይገባም።

ቀጥሎ ርካሹ የፖሊስተር ብርድ ልብስ መጣ። ቀላል ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ነብር ወይም ጽጌረዳ ተሥሎበታል፣ ዋጋውም ከባና ያንሳል። ድሃ ቤተሰብ ቢገዛው አልፈርድም። ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ውጤት ነው፤ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ብናኞች ወደ ወንዝ ይለቅቃል። ሁለተኛው የበለጠ ቅርብ ነው። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ ግን እሳት ለመያዝ ከ500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ቢያዝም ቶሎ ይጠፋል እንጂ አይቀልጥም። ምድጃው መሐል ቤት በሆነበት ቤት ውስጥ፣ ሕፃናት እሳት ዳር በሚተኙበት ቤት ውስጥ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በተጨማሪ ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ሲይዝ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ ማሞቁንም አያቆምም። ውዱ ዳውን ራሱ ከረጠበ ይጨማደድና ሙቀቱን ያጣል። በክረምት ጭጋግ ለሚኖር ሰው የትኛው ይሻላል? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ቆዳውስ? ድሮ በዓል ሲያልፍ ቆዳ ገዢ በየደጁ እየጮኸ ይዞር ነበር። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ቆዳ አገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ ብሎ ጥሬ ቆዳ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት የቆዳ ዋጋ በጣም ወድቆ በበዓል ማግሥት የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ማየት ጀመርን። አያቶቻችን ብራና ያወጡለትን፣ አራስ ያስተኙበትን ቆዳ እኛ ውሻ ይጎትተዋል። እውነቱን ለመናገር ከስድቡ ቀጥሎ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

አንዳንዱ «እንግዲያውስ ወደ ድሮው እንመለስ» ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ድሮውን እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ ቢቻልም ጥሩ አይደለም። ደጋው ተራቁቷል፤ በግ ያለ ልክ ብናበዛ አቡነ ዮሴፍ ላይ የቀረውን ሣርና በእሱ የሚኖረውን አውሬ እንጨርሰዋለን። በፋብሪካ ቆዳ ማልፋትም ክሮም የሚባለውን ኬሚካል ወደ ወንዝ ከለቀቀ ንጹሕ ነው አይባልም። በአጎዛም ውስጥ ተባይ እንደነበረ አያቶቻችን አልደበቁንም። ስለዚህ የምለው ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ያለው በግ የሚሰጠው ጠጉርና ቆዳ አይጣል። አዲስ በግ ሳንጨምር፣ ግጦሽ ሳናሰፋ የሚገኝ ሀብት ነው። ከዚህ በላይ ዘላቂ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ፈታይዋ የልፋቷን ታግኝ። ባና ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ፈተላው ነው፤ ፈታዮቹ ሴቶች ናቸው፤ ገበያ ላይ ዋጋ ሲተመን ግን የእነሱ ወራት አይቆጠርም። በዓለም ላይ «ሥነ ምግባር ያለው ምርት» የሚባለው መለኪያ ወደ እኛ ሲመጣ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በጉ ተጎዳ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ፈታይዋ ስንት ተከፈላት? አልፊው በምን ስም ተጠራ?» ተብሎ ነው።

ሦስተኛ፣ የላሊበላ ሆቴሎችና እንግዳ ተቀባዮች። ከወረርሽኙና ከጦርነቱ በኋላ ከተማችን ምን እንደደረሰባት ሁላችንም እናውቃለን፤ አስጎብኚውም፣ በቅሎ አከራዩም፣ ልብስ አጣቢዋም ያለ ሥራ ከርመዋል። እንግዳው ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ የሚያገኘው ከሩቅ አገር የመጣ ፖሊስተር ከሆነ ከእሱ ገንዘብ ለደጋው ገበሬ ምን ይደርሰዋል? በንጽሕና የታጠበ፣ በደንብ የተፈተለ የላስታ ባና አልጋው ላይ ቢያገኝና «ይሄ ጥቁር ከተባለው በግ ነው፤ በጉ አሁንም ተራራው ላይ አለ፤ የፈተለችው እከሌ ናት» ቢባል፣ ያ እንግዳ አገሩ ሲገባ የሚያወራው ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ አይሆንም። የድንጋዩን ጠራቢ እናደንቃለን አይደል? የጠጉሩን ፈታይስ?

በመጨረሻ ለተማሪዎቼና ለወላጆች። ቤታችሁ ውስጥ የቆየ ባና ወይም አጎዛ ካለ አትጣሉት። ማን እንደሠራው ጠይቁ፤ ስሙን ጻፉት። የሠራው አያታችሁ ከሆነ ደግሞ በኩራት ጻፉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን የምንተርተው እኮ መጀመሪያ ድሩን የፈተለ ሰው ስለነበረ ነው። አገራችን ለዘመናት ከብርድ የተረፈችው ስማቸው በየትኛውም ዜና መዋዕል ባልተጻፈ ሰዎች እጅ ነው። አልጋ የወረሱትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ያነጠፉልንን ማወቅ የእኛ የልጆቻቸው ዕዳ ነው።

ቸር ያሳድረን፤ ሞቅ ብሎን እንደር።